የለንደን ድርብ ቀፎ ወይስ የጄኔቫ ኢናሜል? የመጀመሪያ ጥንታዊ ሰዓቱን ለሚገዛ

ያጌጡ ጥንታዊ የኪስ ሰዓቶች መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዓይን ውስጥ ቶሎ የሚገቡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ላይ የተሠራው ባለ ድርብ ቀፎ ነው። ሌላው ከ1790 ገደማ ጀምሮ በስዊዘርላንድ የተሠራው፣ ጀርባው ላይ የኢናሜል፣ ማለትም በእሳት የተጋገረ የብርጭቆ ቀለም፣ ሥዕል ያለበት ነው። ሁለቱም ልብ ይወስዳሉ። ሲገዙ የሚፈተሸው ግን ለየቅል ነው።

ከለንደኑ ልጀምር። ማሽኑ በአንድ ቀፎ ይቀመጣል፣ ያ ቀፎ ደግሞ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይገባል። የውጨኛው ከውስጥ በኩል እየተቀጠቀጠ ምስል የወጣለት ብር ወይም ወርቅ ነው። በጣታችሁ ስትዳብሱት የሰው ፊት፣ የልብስ እጥፋት ይሰማችኋል። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ አፍንጫና ጉልበት ቀድመው ያልቃሉ። ባዶውን ቀፎ ወደ ብርሃን ያዙት። ቀዳዳ ካለው ብርሃኑ ያሳብቅበታል።

ከዚያ ማሽኑን ክፈቱ። የምትወዛወዘዋን ጎማ የሸፈነ፣ እንደ እጅ መስቀል የተፈለፈለ ክዳን ታያላችሁ። እሱን አድንቁ፣ ግን እግሩንም ቁጠሩ። ያኔ የለንደን ስም ገበያ ስለነበረው፣ ከባሕር ማዶ በአውሮፓ የተሠሩ ሰዓቶች ላይም «ለንደን» ይጻፍ ነበር። የእንግሊዙ ክዳን በአንድ እግር ይታሰራል። በሁለት እግር እንደ ድልድይ ከቆመ ጠርጥሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን በለንደን ዋጋ ገዝቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የብሩን ማኅተምም አትለፉ። ብሩ ማኅተም የተመታበትን ዓመት የሚያሳየው ፊደል በሁለቱም ቀፎዎች ላይ አንድ ከሆነ አብረው ኖረዋል ማለት ነው።

የለንደን ሰዓት ሠሪዎቹ ጆርጅ ፕራየርና ማርክዊክ ማርክሃም ለኦቶማን ቱርክ ገበያ የላኳቸው ሰዓቶች ለብቻቸው መወራት አለባቸው። ቁጥራቸው በዐረብኛ አኃዝ ስለሆነ ዐረብ አገር የኖረ ሰው ወዲያው ያነበዋል። ቀፎዎቹ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይሆናሉ፤ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የኤሊ ቅርፊት ለብሷል። አንዱ ከጎደለ ዋጋ አስቀንሱ።

ኢናሜሉ ሌላ ዓለም ነው። የተፈጨ ባለ ቀለም ብርጭቆ በወርቅ ላይ ተነስንሶ ወይም ተስሎ፣ እሳት ውስጥ እየገባ እየወጣ ይጋገራል። የጄኔቫ ሰዎች በሥዕሉ ላይ ጥርት ያለ ብርጭቆ ደርበው አንዴ ደግሞ ያስገቡታል። ለዚህ ነው ከ200 ዓመት በኋላም የጽጌረዳው ቀይ ትናንት የተቀባ የሚመስለው። ግን አንዴ ከወደቀ ይሰነጠቃል። እንደገና እሳት ውስጥ ማስገባት አደጋ ስላለው፣ አብዛኛው ጠጋኝ በተራ ቀለም ይሸፍነዋል። መብራት ሥር ዘንበል አድርጉት። ነጸብራቁ ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር መፍሰስ አለበት። የደበዘዘ ቦታ ካለ እዚያ እጅ ገብቷል።

እዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ቦቬ ነው። በስዊዘርላንድ የፍለሪየር ተወላጁ ኤድዋርድ ቦቬ በ1818 ካንቶን፣ ቻይና ሄዶ አራት ሰዓት በ10,000 ፍራንክ ሸጠ። በ1822 ኩባንያው ለንደን ላይ ተቋቋመ። ለቻይና የሚላኩት ሰዓቶች ብዙ ጊዜ በጥንድ ይሸጡ ስለነበር፣ ዛሬ ጥንዱ ሳይለያይ ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። ዙሪያው ለሁለት በተከፈሉ ሉሎች (የባሕር ዕንቁዎች) የተከበበ ከሆነ ሉሎቹን አንድ በአንድ በማጉያ እዩ።

የትኛው ይሻላል? ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ያለማመንታት የለንደኑን ብር እላለሁ። ቢጎዳም ሰዓት ሠሪ ያክመዋል። ኢናሜል ግን እንከን የለሽ ካልሆነ ይቅርባችሁ፤ በእጃችሁ ሳትይዙትም አትግዙ። ዓይናችሁን ለማልመድ ኢየሩሳሌም ያላችሁ የኤል ኤ ማየር ሙዚየምን ጎብኙ። በ1983 ተሰርቆ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰው የታዋቂው ሰዓት ሠሪ የብሬጌ 160 ቁጥር ሰዓት የዚያ ነው። ጄኔቫ ያላችሁ ደግሞ የፓቴክ ፊሊፕ ሙዚየም አለላችሁ።

ሻጩ ሩቅ ከሆነ ሦስት ፎቶ ጠይቁት፤ የክዳኑን እግር፣ የቀፎዎቹን ማኅተም፣ መብራት ሥር ዘንበል ያለውን ኢናሜል። አልልክም ካለ ወደ ሌላ ሻጭ ሂዱ።