ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ወሎ ሲኬድ የት ማደር ይሻላል

ወደ ወሎ የሚወጣ መንገደኛ «ደሴ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ግን የአልጋው ጉዳይ ነው፤ ደሴ ላይ ይታደር ወይስ ኮምቦልቻ? ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም አንዷ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተሰቅላለች፣ ሌላዋ 1,850 አካባቢ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። መካከላቸው ሀረጎ ቁልቁለት አለ። ብርዱም፣ ትንኙም፣ የሚኒባሱ ሰዓትም፣ የፍሬኑ ሽታም ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ከፍታ ልዩነት ነው። በእኔ ሚዛን ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ደሴ፣ ለአንድ ሌሊት አልፎ ሂያጅ ኮምቦልቻ።

መጀመሪያ መድረሻውን። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ብርድና ጉም ይገጥመዋል፤ ጣሊያን የሠራውን መሿለኪያ እንዳለፈ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ይጀምራል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን አውልቋል። ከዚያ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ። መንገዱ ደህና ከሆነ ደሴ የሚገባው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ ሦስት ዓይነት አየር ስለሚገጥም ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ጣሪያ ላይ ማስጫን ስህተት ነው፤ እጅ ላይ ይቆይ። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ትኬት የሚሸጠውን ሳይሆን ከዚያው የመጣ ሹፌር ጠይቁ፣ ያውም በዋዜማው።

በአውሮፕላን ለሚመጣ አንድ ነገር፦ ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ትኬቱ ላይ ደሴ የሚል ስም ቢኖርም ሀረጎን በመኪና መውጣት ይቀራል። ከማረፊያው በር ላይ የሚጠብቁት መኪኖች ኮንትራት ብቻ ነው የሚጠይቁት። ዕቃ የሌለው ሰው በባጃጅ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሄዶ የደሴ ሚኒባስ ቢይዝ በጣም ይረክስለታል።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ቦርከና ወንዝን ተከትላ የተዘረጋች ረጅም ከተማ ናት። ወርድ የላትም ማለት ይቻላል። ከአንድ ዋና አስፋልት ግራና ቀኝ የሚወጡት መንገዶች አብዛኞቹ ዳገት ናቸው። ስለዚህ በካርታ ላይ «500 ሜትር» የሚል ነገር አይታመንም፤ 500 ሜትሩ ወደ ላይ ከሆነ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ሁለት ሦስቴ ቆሞ ትንፋሽ መሰብሰብ አለበት። የሚመቸው አሠራር እንዲህ ነው፦ ከላይ በባጃጅ መድረስ፣ ከዚያ ፒያሳን፣ አራዳን፣ ቧንቧ ውሃን እየቃኙ በእግር ቁልቁል መውረድ። ባጃጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ መስመር ይዞ ሰው እያወረደ እየጫነ የሚሄደውና ኮንትራቱ። ዝም ብሎ «ውሰደኝ» ያለ መንገደኛ ወዲያው ኮንትራት ሆኖ ይቆጠራል። ከመግባታችሁ በፊት «በሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ልዩነቷ ግን ብዙ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዳገታማው ሰፈር ጭቃ ይሆናል፣ በአንዳንድ ቦታም የመሬት መንሸራተት አለ። በእነዚህ ወራት አልጋ ሲያዝ ከገደል ጠርዝ ካለው ይልቅ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው ይሻላል።

አልጋ አያያዙ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ደሴን «መጥፎ ከተማ» ብሎ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጣላው ከከተማዋ ሳይሆን ከሻወሩ ጋር ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሆቴሉ የሚኖረው በሮቶው ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠና ፓምፕ ከሌለው ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሮቶው በጣም የቀረበው የመጨረሻው ፎቅ ግፊቱ ደካማ ይሆናል፣ ሻወሩ እንደ ጀበና አፍ ቀጥኖ ይወርዳል። ጥሩ እይታ አለው ተብሎ በጭማሪ ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ ያው የላይኛው ክፍል ነው። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ምረጡ።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ክፍሉ ድረስ ግቡ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሞቀ ወዲያው «ተበላሽቷል» አትበሉ፤ የቦይለሩ ማብሪያ ክፍሉ ውስጥ ላይሆን ይችላል፣ በሩ ውጭ ወይም ኮሪደሩ ጥግ ይሆናል፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብም ጠፍቶ ነው የሚውለው። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር የደሴን ቀዝቃዛ ውሃ ደህና አድርጎ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት መታጠብ የፈለገ ሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማስበራት አለበት ማለት ነው፤ ተኝቶ ሲነሳ አብርቶ ወዲያው የገባ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ብዙውን ጊዜ አምፖልና ቻርጀር እንጂ ቦይለር አይሸከምም፤ ይህንንም ቀድሞ መጠየቅ ነው። ብርድ ልብስ ሁለተኛ አስጨምሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደሴ ሌሊት በአንዱ አይቻልም። ጠዋት ደግሞ ገና ሳይነጋ አዛኑም ቅዳሴውም በድምፅ ማጉያ ይደርሳል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ከኋላ በኩል ያለውን ክፍል ይጠይቅ፤ ቅሬታ ግን አያቅርብ፣ ወሎ መምጣቱን ይወቅ።

ምግብ ላይ ደሴ ኮምቦልቻን ትበልጣለች። ሥጋ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው በሩ ላይ ያለው ምልክት ነው፤ መስቀል ወይስ ጨረቃ። እንግዳ ሁለቱን ያምታታና አብሮት የመጣውን ሰው ያስቸግራል፤ ድብልቅ ጓደኞች ከሆናችሁ የዓሣ ወይም የጾም ምግብ ያለበት ቤት መምረጥ ነገሩን ያቀልላል። ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ በየቤቱ አለ። በረመዳን ደግሞ አንዳንዱ ቤት ቀን ተዘግቶ ይውልና ማታ ከአፍጥር በኋላ ይደምቃል። ጥብስ ሲታዘዝ ሥጋው ሲመዘን ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ፣ «አጥንቱን ለይልኝ» ወይም «ከነአጥንቱ ይሁን» የሚለውን ከመመዘኑ በፊት ተናገሩ። ከተመዘነ በኋላ የወጣ አጥንት ሂሳቡ የእናንተ ነው። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ እንጀራው ለብቻው ይታሰባል።

ቡናውን በተመለከተ፣ መንገድ ዳር ያለችው የጀበና ቡና ለቸኮለ ሰው ናት፤ አንድ ስኒ፣ ጤና አዳም ከፈለጋችሁ በግልጽ ጠይቃችሁ። ቤት ተጋብዞ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ እስኪያልቅ፣ ዱዓውና ምርቃቱ እስኪደረግ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አቦል ጠጥቶ ብድግ ማለት ነውር ነው። ጊዜ ከሌለ ገና በሩ ላይ «አብሽሩ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ማለት ይሻላል። ይህን ማንም አይቀየምም።

ከተማው ውስጥ የሚታየው ብዙ አይደለም፣ ያለው ግን ክብደት አለው። አይጠየፍ አዳራሽን ንጉሥ ሚካኤል ነው ያሠሩት፤ ስሙ እንደሚናገረው ግብሩ ደሃ ሀብታም አይለይም ነበር። ንጉሡ ወሎንና ትግሬን ደርበው የነገሡት በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ ነው። እንግዳ ሰው የድግስ አዳራሽ መሆኑን ሳያውቅ ቤተ መንግሥት ጠብቆ ይመጣና «ይኸው ነው?» ይላል። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ ከዚያ ስፋቱን በእግር ለኩ፤ የስንት ሰው ግብር እንደሚይዝ ያኔ ይገባል። የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። ስለዚህ የድሮ የጉብኝት ጽሑፍ ላይ ያነበባችሁትን ቅርስ ሁሉ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ መክፈቻ ሰዓቱንም በዋዜማው አጣሩ።

አሁን ሀረጎ። ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ጉዞው ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀን ላይ ወረፋ አያስጠብቅም፤ ከመሸ በኋላ ግን መደበኛው መስመር ይሳሳና ኮንትራት የሚሉ ብቻ ይቀራሉ። «ደሴ አመሽቼ ኮምቦልቻ አድራለሁ» የሚለው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መነሳት ግድ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ 10 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፣ ጉሙ ከወረደ ከፊት ያለው ተሳቢ የሚታየው አጠገቡ ሲደረስ ነውና።

በራሱ መኪና ለሚወርድ ሕጉ አንድ ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ገና ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ መተው፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ረገጥ አድርጎ መልቀቅ። እግሩን ፍሬን ላይ አስቀምጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ እየተረገጠም አይዝም። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሲመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆምና ቢያንስ 20 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃ የሚደፉበት አሉ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ስለሚችል አይደረግም። ዜሮ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ እቆጥባለሁ የሚለውማ ምንም አልቀረውም።

ኮምቦልቻ ሜዳ ናት። ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደብ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚታጠፍ የከባድ መኪና መስመር። ለጎብኚ የሚሆን ነገር የላትም ቢባል አያጣላም፤ አልጋዎቿ ግን የተሻለ ውሃና የተሻለ ማቆሚያ አላቸው፣ ማታ ያለ ጃኬት ውጭ መቀመጥ ይቻላል። ጉድለቷ ሁለት ነው። አንዱ ትንኝ ነው፤ ወባ ስላለ ክፍሉ አጎበር እንዳለው እዩ፣ አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፣ ተሰብስቦ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሁለተኛው ሌሊቱን የሚያልፈው ተሳቢ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ክፍል መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ኮምቦልቻን የሚያስመርጠው ባቲ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ፣ ገበያው ሰኞ። አፋሩ ከቆላ ግመሉን ይዞ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ የሚገናኝበት ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ይደምቃል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚቀረው አቧራው ነው። ደሴ ያደረ ሰው ሀረጎን ወርዶ እዚያ ለመድረስ ማልዶ መነሳት አለበት፤ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ማደር ይህን ያስቀራል። ደሴም የገበያ ቀኗ ሰኞ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ልያዝ ማለት ሁለቱንም ማጣት ነው። ፎቶ ከማንሳት በፊት ሰውየውን ጠይቁ፤ የግመሉን ፎቶ ቢሆንም ባለቤቱን።

ሐይቅ ግን የደሴ ናት። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንድ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሴቶች ያሉበት ቡድን ይህን ደሴ እያለ ይወቅ፣ በሩ ላይ ደርሶ መከፋት እንዳይመጣ። ዓሣው ትኩስ ነው፤ ቆሮሶውን በሙሉው አስጠብሱት፣ ሲቆራረጥ ይደርቃል። ዋና አትሞክሩ፣ የውሃው ጥልቀት 80 ሜትር ያልፋል።

ወልድያን በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ለሚሄድ ጥሩ ማደሪያ ናት፣ ለብቻዋ ተብሎ ግን አይኬድም።

የግሸን ማርያም ክብረ በዓል መስከረም 21 ነው። በዚያ ሳምንት ደሴ አልጋ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፤ ተሳላሚ ያልሆነ ሰው ቀኑን ይቀይር ወይም ኮምቦልቻ ይደር።

ለመመለስ ትኬቱን በዋዜማው ከሰዓት በፊት ግዙ፣ መቀመጫ ቁጥር መጻፉን እዩ። መናኸሪያ መድረስ ያለባችሁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ በዚያን ሰዓት መንገድ ላይ ባጃጅ አይገኝም። ማታውኑ አንዱን ሹፌር ተነጋግራችሁ ስልኩን ያዙ፣ ዋጋውንም ያኔውኑ ቁረጡ፤ ሌሊት ላይ ቆመው የሚቆረጥ ዋጋ የሹፌሩ ነው።