ሰዓቴን ለሦስት ለከፈለችልኝ ባለሙያ

ስሟን እንዳልጽፍ ስለ ለመነችኝ አልጽፍም። ቤት ለቤት እየመጣች የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አንቱ ስላት ስለምትቆጣ እዚህም እንደ ልጄ ልጥራት።

ዕድሜዬ 69 ነው፤ የደም ግፊትም ስኳርም አለብኝ። በሒሳብ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ስፖርትንም እንደ ደብተር እደምረው ነበር። አንድ ሰዓት ያልሞላውን እንቅስቃሴ ከቁጥር አላስገባም። እሁድ እሁድ ጂም ሄጄ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይክል እነዳለሁ፤ የቀረውን ስድስት ቀን ወንበር ላይ ነኝ። አንድ እሁድ ሳይክሉን ድንገት አቁሜ ስወርድ ዓይኔ ጨለመ። ግድግዳውን ባልይዝ ኖሮ ወድቄ ነበር። አሠልጣኙ "ደክሞዎት ነው" ብሎ ውሃ ሰጠኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ይህቺ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ምንም አላሠራችኝም። መድኃኒቶቼን ሁሉ አስመጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፤ የእያንዳንዱን ስም አንብባ ጻፈች። ግፊቴን ተቀምጬ ለካች፣ ቆሜም ደግማ ለካች። ከዚያ የዚያን እሁድ ነገር አስረዳችኝ። ስንንቀሳቀስ የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደሙን ወደ ላይ እየገፋ የሚመልሰው የሚሠራው ጡንቻ ነው። በድንገት ስናቆም ደሙ እግር ላይ ይቀራል፤ የግፊት መድኃኒት ሲታከልበት ደግሞ ራስ ያዞራል። ለካ ማቆምም እንደ መጀመር ቀስ ተብሎ ነው።

ቀጥላ "አባባ፣ የሳምንቱን ሁሉ ለምን በአንድ ቀን ይጨርሱታል?" አለችኝ። ያዘዘችልኝ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ነው። "15 ደቂቃ ምን ትሆናለች?" ብዬ ተከራከርኩ። የሚሠራ ጡንቻ ለኢንሱሊን በደንብ ባይታዘዝም ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ስኳሩ ከፍ የሚለው ደግሞ ከምግብ በኋላ ነው አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናትም ነገረችኝ፤ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አሥር ሰዎች ከየምግቡ በኋላ 15 ደቂቃ ሲራመዱ፣ ከእራት በኋላ ያለው ስኳራቸው 45 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ከተራመዱበት ቀን የተሻለ ወርዷል። አሥር ሰው ጥቂት መሆኑን ራሷ ነገረችኝ፤ ይህን በማለቷ ይበልጥ አመንኳት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 እንቅስቃሴ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይሠራ ሲል ቆይቶ፣ በ2020 መመሪያው ያንን ገደብ አንስቶታል።

እርሷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በቀን 45፣ በሳምንት 315 ደቂቃ። ድርጅቱ የሚመክረው ከ150 እስከ 300 ነው። የእኔ ታላቅ እሁድ 90 ነበረች። በገዛ ሙያዬ ተረታሁ።

ረጅም እንቅስቃሴን አትከለክልም፤ ጉልበቴ ሲፈቅድ 40 ደቂቃ እሄዳለሁ። የልብ ምቴን በእጅ ሰዓት እንዳልቆጥር ግን ነግራኛለች፤ የምወስደው ቤታ ብሎከር የሚባለው የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚይዘው ቁጥሩ ያሳስታል። መለኪያዬ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል ነው። (ዘፈኔ ቁጭ ብዬም አይደመጥም።) በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና በአንድ እግር መቆም አለ። በአንድ እግር ስቆም እጇ ከክርኔ ሥር ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይጠብቃል፤ አይነካኝም፤ ግን እዚያው ነው።

በአራት ወር ውስጥ፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራዬ (HbA1c) ከ7.6 ወደ 6.9 በመቶ ወርዷል። ሁሉም የእርሷ ሥራ ነው አልልም፤ እራቴንም ቀንሻለሁ። ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ማረፌን ግን ያስተወችኝ እርሷ ናት።

እንከኗንም ልንገራችሁ፤ ሰው እያሠራች ስልክ አታነሣም፤ ቀጠሮዋም ቶሎ ይሞላል። ደረቴን ያመኛል ያላትን ሰው ሐኪም ሳያየው አትነካውም፤ አንድ ወዳጄ በዚህ ተቀይሞ ነበር፤ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ አመሰገናት። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ስኳር በጣም የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ የስኳር መለኪያችሁን ነው፤ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት።

የምትፈልጓት ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ከእራት በኋላ ወዲያው ባልመልስላችሁ አትቀየሙኝ፤ እየተራመድኩ ነው።