የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት በአሜሪካ፦ ከቤተሰብ መብት አንጻር የተደረገ ግምገማ

ልጃችን በ19 ወሩ ከጥቂት ቃላት በላይ ባለመናገሩ የሕፃናት ሐኪሙ በምንኖርበት አካባቢ ወዳለ የቅድመ ጣልቃ ገብነት ተቋም መራን። አገልግሎቱ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ፣ የዕድገት መዘግየት ወይም የአካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጥ ሲሆን፣ የፌዴራል መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጣለ ነው። 3 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ተጠቅመንበታል።

ቤታችን ትመጣ የነበረችውን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያለ አንዳች ማመንታት አመሰግናለሁ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ በራሳችን ኩባያና ማንኪያ እየተጫወተች፣ እኛ እሷ በሌለችበት ቀን ምን ማድረግ እንዳለብን ታሳየን ነበር። ሕጉ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ሕፃኑ በሚውልበት ቦታ እንዲሰጥ የሚያዘው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቅሬታዬ መብታችን በተነገረበት መንገድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ተሰጥቶን፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ተባልን፤ ፈረምንም። ምዘናውም በእንግሊዝኛ ብቻ ተደረገ። ቤት ውስጥ «ኳሱን አምጣ» ሲባል ሮጦ የሚያመጣ ልጅ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲጠየቅ የመዛኟን ፊት እያየ ዝም አለ፤ ዝምታውም አለመረዳት ተብሎ ተመዘገበ። ይባስ ብሎ አንድ ሠራተኛ አማርኛውን ትተን በእንግሊዝኛ ብቻ እንድናናግረው መከሩን። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም፤ የንግግር ባለሙያዋም ኋላ ይህንኑ አረጋግጣልናለች። ወረቀቱን ከባለቤቴ ጋር ደጋግመን ካነበብን በኋላ፣ ለዕድገቱ ተገቢ እስከሆነ ድረስ ልጁ በቤት ቋንቋው መመዘን እንዳለበት አገኘንና በጽሑፍ ጠየቅን። አስተርጓሚ መጥቶ ያ ክፍል ሲደገም የመረዳት ችሎታው ለዕድሜው የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ መዘግየቱ በመናገር ላይ ነበር። ልጁ የሚያገኛቸውን አገልግሎቶች የሚዘረዝረው ዕቅድም በዚሁ ተስተካከለ። ይህ ሁሉ የሆነው ተቋሙ ሪፈራሉን በተቀበለ በ45 ቀን ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ ከዚህ ማለፍ የለበትምና ጊዜውን ስላከበሩ አመሰግናለሁ።

ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ብዙ ወላጅ የታቀደለትን ሁሉ ካልተቀበለ ሁሉንም የሚያጣ ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም። እኛ ከቀረቡልን ሁለት አገልግሎቶች አንዱን ሳንቀበል ቀርተን የንግግሩ ሕክምና እንደነበረ ቀጥሏል። ምዘናው፣ የዕቅዱ ዝግጅትና አገልግሎቶቹን የምታቀናጅልን አስተባባሪ ሥራ ያለ ክፍያ ነው። ለሌሎቹ አገልግሎቶች አንዳንድ ግዛቶች እንደ ገቢ መጠን ሊያስከፍሉ ቢችሉም፣ የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ በዚህ ምክንያት አይከለከልም።

ዕቅዱ ቢያንስ በየ6 ወሩ ይከለሳል። ከክለሳዎቹ በአንዱ ሰሞን አስተባባሪያችን ደውላ ሳምንታዊው ጉብኝት በየሁለት ሳምንቱ እንደሚሆን ነገረችን። ለውጥ ከመደረጉ በፊት ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ በምንረዳው ቋንቋ፣ በጽሑፍ ሊደርሰን እንደሚገባ ያወቅነው ከዚያ ወረቀት ነውና ይህንኑ ጠየቅን። ከውይይት በኋላ ሳምንታዊው ባለበት ጸና። ባንስማማ ኖሮ ሽምግልና፣ በገለልተኛ ሰው ፊት መሰማትና ለግዛቱ አቤቱታ ማቅረብ ክፍት ነበሩ፤ የመሰማቱ ሂደት እስኪያልቅም በስምምነት የተጀመረው አገልግሎት አይቋረጥም። ወደዚያ ባንደርስም፣ መንገዱን ማወቃችን በስብሰባው ላይ አንገታችንን ቀና አድርገን እንድንናገር አድርጎናል።

ለሕክምናው ሙሉ ነጥብ፣ ለመብት ገለጻው ግማሽ እሰጣለሁ። ለሚጀምሩ ወላጆች የምለው፦ ገና በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የምዘናውንና የዕቅዱን ቅጂ በነፃ ይውሰዱ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚደረገው የሽግግር ስብሰባም ከሦስተኛ ልደቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ መያዙን ያረጋግጡ። በእኛ የሽግግር ስብሰባ አስተርጓሚው ሳንጠይቅ መጥቶ ነበር፤ መብታችንም አንድ በአንድ በአማርኛ ተነበበልን።