ስፐርም ላልተገኘበት ወንድ የሚሰጥ ሕክምና፦ ደሴ ላይ ያገኘሁት አገልግሎት

በዘር ፈሳሼ ውስጥ ስፐርም እንደሌለ ሌላ ቦታ ከተነገረኝ በኋላ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የታየሁበትን አገልግሎት እገመግማለሁ። የዚህ ችግር ሕክምና ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እጅግ ስለሚለያይ፣ ክሊኒኩን የምመዝነው መድኃኒት በመስጠቱ ሳይሆን የችግሩን ዓይነት በመለየቱ ነው።

በዚህ ረገድ ጎበዝ ነው። ይዤ የሄድሁትን ውጤት እንዳለ አልተቀበለም፤ ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቤ አዲስ ናሙና እንድሰጥ፣ ፈሳሹ በማሽን ተሽከርክሮ ከሥር የዘቀጠው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ፣ ምርመራውም በሌላ ቀን እንዲደገም አደረገ። ናሙና የሚሰጥበት ክፍል ግን ከካርድ ክፍሉ ጋር የተጣበቀና ድምፅ የሚያሳልፍ ነው። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው ከቤቱ ይዞ ልምጣ ቢል አያዋጣውም፤ ክፍሉ ይታሰብበት።

ዩሮሎጂስቱ (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካላት ሐኪሙ) የዘር ፍሬዬንና ቱቦዎቹን በእጃቸው ከመረመሩ በኋላ ስለ ጨብጥ፣ ስለ ጆሮ ደግፍና ስለ ቡአ ቀዶ ሕክምና ጠየቁኝ፤ የሆርሞን ምርመራም አዘዙ። ማብራሪያቸው ከክፍያው በላይ ነበር። ፍሬው መጠኑን የጠበቀና ኤፍኤስኤች የተባለው፣ ፍሬው ስፐርም እንዲያመርት ከአንጎል ትእዛዝ የሚያደርሰው ሆርሞን ያልጨመረ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ስፐርም እየተመረተ መውጫው ተዘግቷል ማለት ስለሆነ፣ ቱቦውን በረቂቅ ቀዶ ሕክምና መክፈት ወይም ስፐርሙን በመርፌ ቀድቶ ኢክሲ በተባለው ዘዴ አንድ ስፐርም በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ማስገባት ይቻላል። ፍሬው አንሶ ሆርሞኑ ከፍ ካለ ግን ጉድለቱ ከማምረቻው ነው፤ በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ከፍሬው ውስጥ ስፐርም መፈለግ ለግማሽ ያህሉ ወንዶች ስፐርም ሊያስገኝላቸው ይችላል። ከዚያ በፊት የክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃን የሚይዘው ክፍል) ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወንዶች ባላቸው በዋይ ክሮሞዞም ላይ ኤዜድኤፍኤ ወይም ኤዜድኤፍቢ የሚባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከጎደለ ቀዶ ሕክምናው ተስፋ የለውም። ከአንጎል ወደ ፍሬው የሚመጣው የሆርሞን ትእዛዝ ሲቋረጥ ብቻ የሆርሞን መርፌ ራሱ ፈውስ ነው፤ እሱም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

አንድ መድኃኒት ቤት «ለወንድነት» ብሎ ሊሸጥልኝ የነበረውን የቴስቶስትሮን መርፌ ስነግራቸው በጥብቅ ከለከሉኝ። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን አንጎል ለፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያዳክም፣ ያለውንም ስፐርም ያጠፋል።

ኢክሲ በክሊኒኩ አይሠራም፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ ነግረውን በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ወደ ተከፈተበት አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን። ቅር ያለኝ ወረቀቱ የእኔን የምርመራ ውጤት ብቻ መያዙ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ለኢክሲው እንቁላል እንዲደርስላት ሁለት ሳምንት ገደማ መርፌ የምትወጋውና በአልትራሳውንድ የምትመላለሰው ባለቤቴ ናት፤ የእሷም ዕድሜና የእንቁላል ክምችት ውጤቱን ይወስናል። የእሷን ምርመራ እዚሁ ደሴ አስቀድሞ ማዘዝ ብዙ ወጪ ያድን ነበር።