ሰዓት፣ የደረት ቀበቶ ወይስ የክንድ ማሰሪያ? ለከባድ የመስክ ሥራ የልብ ምት መለኪያ ስትመርጡ

ብዙ ሰው መለኪያ ሲገዛ "ስንት ነገር ይለካል?" ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ከባድ ለሆነ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ "የት ይታሰራል?" ነው።

ስማርት ሰዓት የሚለካው በብርሃን ነው። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ላይ ያበራል፤ ደም ሲመላለስ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከፍና ዝቅ ይላል። ቁጭ ላለ ሰው በቂ ነው። አካፋ ስትይዙ ወይም ገመድ ስትጎትቱ ግን አንጓችሁ ይታጠፋል፣ ሰዓቱ ከቆዳ ላይ ብድግ ይላል፣ የውጭ ብርሃንም ይገባል። ስትሮጡ ደግሞ እርምጃችሁን እንደ ልብ ምት ሊቆጥረው ይችላል። እርምጃችሁ በደቂቃ 160 ሆኖ ሰዓቱም 160 ላይ ተቸክሎ ከቀረ፣ ጠርጥሩ። ብርድ ሲሆን የእጅ ደም ስሮች ስለሚጠቡ ምልክቱ ይደክማል። ንቅሳትም ብርሃኑን ይጋርዳል።

የደረት ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ያነባል። በትክክለኛነት እሱን የሚያህል የለም። ግን ደረቅ ቆዳ አይወድም። ላብ እስኪመጣ የማይመስል ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ቆዳ የሚነኩትን ንጣፎች ከማሰራችሁ በፊት በውሃ አርሷቸው። ከባድ ሻንጣ ወይም መከላከያ ልብስ ከላይ ሲጫነው ይንሸራተታል፣ ቆዳም ይልጣል። በባትሪ በኩል ግን እፎይ ያሰኛል፦ ፖላር ኤች 10 የተባለው ቀበቶ በአንድ ትንሽ ክብ ባትሪ እስከ 400 ሰዓት ይሠራል ይላል አምራቹ። ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስትጨርሱ መለኪያውን ከቀበቶው ንቀሉና ጨርቁን እጠቡት፤ የላብ ጨው ቶሎ ያበላሸዋል።

የክንድ ማሰሪያም በብርሃን ነው የሚሠራው። ነገር ግን የላይኛው ክንድ እንደ አንጓ አይታጠፍም፣ ሥጋም አለው፤ ስለዚህ ከሰዓት የተሻለ ይይዛል። ደረታቸው ላይ ዕቃ ለሚሸከሙ የምመክረው ይህንን ነው። የሰውን ደህንነት የሚወስን ቁጥር ከሆነ ግን ያለማመንታት ቀበቶ።

የሰዓቱ የደም ኦክስጅን ቁጥር ላይ ብቻ አትደገፉ። በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። ውሃ መቋቋሙን ለመግለጽ የተጻፈ "50 ሜትር" የሚል ጽሑፍም 50 ሜትር መጥለቅ ይቻላል ማለት አይደለም፤ በቤተ ሙከራ የተለካ የግፊት መጠን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ መለኪያውን እሰሩት። ደረጃ ውጡ፣ ቁሙ፣ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በ4 አባዙና ስክሪኑን እዩ።