ለሆስፒታል ሲስተም ማን ይሻላል? ፍሪላንሰር፣ አነስተኛ ድርጅት ወይስ ትልቅ ኩባንያ

አንድ የስኳር ምርመራ ውጤት እንውሰድ። ስክሪኑ ላይ 5 ይላል። መለኪያው ሚሊሞል በሊትር ከሆነ ሰውየው ደህና ነው። ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ግን ራሱን ስቶ መውደቅ ነበረበት። በዚህኛው መለኪያ የዚያው ሰው ውጤት 90 ነው መሆን ያለበት። ቁጥሩ ከላብራቶሪ ማሽኑ ወደ ሐኪሙ ስክሪን ሲሻገር መለኪያውን መንገድ ላይ የጣለ ፕሮግራመር «ዳታው ገብቷል፣ ሲስተሙ ይሠራል» ይላችኋል። አልዋሸም። ዳታው ገብቷል።

ለጤና ሥራ የአይቲ ኮንትራክተር ስታወዳድሩ መጀመሪያ የምትፈልጉት ስለዚያች መለኪያ ሳይነገረው የሚጨነቅ ሰው ነው። ዋጋውም የጊዜ ሰሌዳውም ከዚያ በኋላ ይምጡ። ዴሞ (ሲስተሙን ለገዢ ማሳያ) አይረዳችሁም፤ ዴሞ ላይ ሁሉም ሲስተም ይሠራል።

ፍሪላንሰር

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የምታወሩትም ከሚሠራው ሰው ጋር ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ መልእክት፣ አንድ ሪፖርት ወይም አንድን የላብራቶሪ ማሽን ከሲስተሙ ጋር ማገናኘት ከሆነ የተፈለገው፣ ከእሱ የተሻለ ላታገኙ ትችላላችሁ። ማሽንና ሲስተም በማገናኘት ብቻ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች አሉ። የትልቅ ኩባንያ ቡድን ሳምንት የሚሰበሰብበትን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል።

ችግሩ የታወቀ ነው። እሱ ሲታመም ሲስተማችሁም አብሮ ይታመማል። ፓስዎርዱ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ኮዱ እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሙሉውን የታካሚ መዝገብ ለአንድ ሰው አትስጡ። ትንሿን ሥራ ስትሰጡትም ኮዱ በእናንተ ስም በተከፈተ አካውንት ይቀመጥ።

አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት

ስልክ ስትደውሉ ባለቤቱ ያነሳል። ለአንድ ሆስፒታል ወይም ለጥቂት ክሊኒኮች እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ከዚህ በፊት ጤና ላይ ሠርቶ ከሆነ። የሱቅ ሽያጭና የሒሳብ ሶፍትዌር በደንብ የሠራ ቡድን «ይኼም ያው ምዝገባ ነው» ብሎ ይገባበታል። አይደለም። ሱቅ ውስጥ ስህተት ሲገኝ ደረሰኝ ይሰረዛል። የታካሚ መዝገብ ላይ ግን የተሳሳተውም ጽሑፍ መጥፋት የለበትም። ማን ጻፈው፣ ማን መቼ አረመው፣ ሁሉም መታየት አለበት።

ልምድ እንዳላቸው ለማወቅ «ኤችኤል7 ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ይህ የጤና ዳታ መለዋወጫ ደረጃ የሚያወጣው ድርጅት የተቋቋመው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙን ሁሉም ሰምቷል። የዚሁ ድርጅት አዲስ ደረጃ የሆነውን ፋየርንም እንደዚያው፣ የራጅና የሲቲ ምስል የሚጓዝበትን ዳይኮምንም እንደዚያው። መልሱ ሁልጊዜ «እንችላለን» ነው። ይልቅ «አሁን በሥራ ላይ ካለ ሲስተማችሁ የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ የተደረገበት አንድ መልእክት አሳዩን» በሉ። የሠራ ሰው ወዲያው ይከፍተዋል። ያልሠራ ሰው ፓወር ፖይንት ይከፍታል።

ትልቅ ኩባንያ

ሌሊት የሚደወልለት ቡድን አለው። ሰርተፊኬቱ አለ፣ ዋስትናው አለ፣ አንድ ሰው ቢለቅ ሌላ ይተካል። ብዙ ሆስፒታሎችን በአንድ ሲስተም ለማገናኘት ከሆነ ከዚህ ውጭ አማራጭ ላይኖራችሁ ይችላል። ግን ጨረታው ላይ መጥቶ ያሳመናችሁ ሰው ሥራው ላይ አይመጣም። የዋና ባለሙያዎቹን ስም ውሉ ላይ አስገቡ፣ ያለ እናንተ ፈቃድ እንዳይቀየሩ። ሌላው «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እያንዳንዷ ለውጥ በተጨማሪ ክፍያ ትመጣለች፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አታወዳድሩ።

ትልቅ መሆን ብቻውን እንደማያድን በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታይቷል። የመንግሥት የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጽ ኦክቶበር 1 ቀን ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ነበሩ። ሥራው ለብዙ ኮንትራክተሮች ተከፋፍሎ ነበር። የእነሱን ክፍሎች የማገጣጠሙን ኃላፊነት ደግሞ የያዘው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነበር። ኮንትራክተሮቹ ምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ ጣታቸውን ወደ ሌላው ቀሰሩ። ከሁለት በላይ ኮንትራክተር ካላችሁ ገጣጣሚው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ በስም ጻፉት።

አራተኛም መንገድ አለ። ከኤጀንሲ ፕሮግራመር በወር እየተከፈለው ተልኮላችሁ እናንተው ታሠሩታላችሁ። የራሳችሁ ጠንካራ የአይቲ ኃላፊ ከሌለ አትሞክሩት።

ከውጭ ማን ይገባል?

በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሲመታ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማስተካከያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። አልተጫነም። በፌብሩዋሪ 2024 የጤና ክፍያዎችን በሚያስተላልፈው የአሜሪካ ኩባንያ ቼንጅ ሄልዝኬር ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከርቀት መግቢያ በኩል በተሰረቀ ፓስዎርድ ነው፤ መግቢያው ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። የተመታው አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ነው፤ ክፍያው የተቋረጠው ግን የሆስፒታሎችና የፋርማሲዎች ነው።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ «የእናንተ ሰው ከቤቱ ሆኖ የእኛን ሰርቨር የሚከፍተው እንዴት ነው?» ፍሪላንሰሩ የራሱን ላፕቶፕ ያሳያል። አነስተኛው ድርጅት ውስጥ አንዷን ፓስዎርድ አምስት ሰው በቴሌግራም ተቀባብሏት ሊሆን ይችላል፤ አሳምራችሁ ጠይቁ። ትልቁ ኩባንያ ወፍራም ሰነድ ይሰጣችኋል። ከሰነዱ ይልቅ ባለፈው ወር ማን እንደገባ የሚያሳይ ዝርዝር ማውጣት ይችል እንደሆነ እዩ። ባክአፕም (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲሁ ነው። «እንይዛለን» አይበቃም፣ ፊታችሁ መልሰው ይጫኑት።

አንድ ፈተና

ዋጋ ከመቀበላችሁ በፊት ሆን ብላችሁ ያዘበራረቃችሁትን 200 የፈጠራ መዝገብ ለሦስቱም ስጡ። አንድ ስም በሦስት አጻጻፍ ይኑር። የብዙዎቹ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ይሁን፤ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመዘገብ የሚሞላው እሱ ነው። አንድ ሰው ሁለት የካርድ ቁጥር ይኑረው፣ አንደኛው ላይ ብቻ የፔኒሲሊን አለርጂ ይጻፍ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

«ችግር የለም፣ በሁለት ቀን እናስገባዋለን» ያለውን ተዉት። «ሁለቱ ካርዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚወስነው የካርድ ክፍሉ ነው ወይስ እኛ? በስህተት ብናዋህዳቸው እንዴት ይለያያሉ?» ብሎ የመለሰላችሁን ያዙት፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም።

ውሉ ላይ አንድ ነገር አታስቀሩ። ስትለያዩ ዳታውን በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን፣ በምን ክፍያ ያስረክባሉ? እንደ ኦፕንኤምአርኤስ ያለ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ኮንትራክተር ከሆነ መለያየቱ ይቀላል፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው ይገኛል። ሶፍትዌሩ በነጻ ነው ማለት ግን ሥራው በነጻ ነው ማለት አይደለም። ትልቁን ክፍያ ደግሞ ሲስተሙ ሥራ ጀምሮ ጥቂት ወራት እስኪቆይ ያዙት።

ከዚህ በፊት የሠሩበትን ቦታ ለማየት ስትሄዱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ብዙ አትቀመጡ። የሌሊት ተረኛዋን ነርስ ፈልጉና «አሁንም በወረቀት የምትጽፊው ምን አለ?» በሏት። ከጋውኗ ኪስ ደብተር ካወጣች አስፈቅዳችሁ ገጹን አንብቡት።