ነጩን ድሪምላይነሬን ቅቤ ያስመሰለው ክሊር፦ የ14 ወር ተሞክሮዬ

እስከ ታህሳስ ድረስ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ይሄን ስፕሬይ ክሊር፣ ቀለም ላይ መጨረሻ የሚደረበውን ብርሃን አስተላላፊ መሸፈኛ ማለቴ ነው፣ ግዙ ነበር የምላችሁ። ቶሎ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ሽታው ትንሽ ይከብዳል፣ በቃ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ታህሳስ ላይ ነው ጉዱ የወጣው።

1/144 ስኬል የሆነ የቦይንግ 787-8 ሞዴል ገጣጥሜ የአየር መንገዳችንን ቀለም ቀባሁት። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር ሲያስገባ ጀምሮ ልሠራው ስመኝ የኖርኩት አውሮፕላን ነው። ዋናው ርዝመቱ 57 ሜትር ገደማ ነው፣ የኔው 39 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ነጩን ብቻ በአራት ስስ ዙር ነው የረጨሁት። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ እነዛ ተርባይኖች ኮረብታው ላይ የቆሙት ዝም ብለው አይደለም፣ እና እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ እንዳያርፍብኝ ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳሁ ነፋሱ ሳይነሳ ነበር የምረጨው። የጭራውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ስስ ምስል) በወረንጦ እየያዝኩ ቦታ ቦታው ለማስያዝ ብቻ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ከዛ ክሊሩን ደረብኩበትና ሳሎን ቡፌው ላይ ከመስኮቱ ትይዩ አስቀመጥኩት፣ ሚያዝያ 2016 መሆኑ ነው።

እናቴ ወዲያው የእህቴን የምርቃት ፎቶ አመጣችና አውሮፕላኑ ላይ አስደገፈችው። እኔም ደስ ብሎኝ ተውኩት። ለገና ቤት ስናጸዳ ፎቶውን ሳነሳ ከኋላው በፎቶው ልክ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹህ ነጭ አየሁ፣ ዙሪያው ግን የከረመ ቅቤ መስሏል። አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ደግሜ በሳሙና ጠረግኩት፣ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። አዙሬ ወደ ግድግዳው የነበረውን ጎን ሳየው ደግሞ ነጭ ነው። ያኔ ነው ፀሐይዋ ከክሊሩ ጋር ምን እንደሠራች የገባኝ። እና ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ ምን ይደረጋል።

ስገዛው ባለሱቁን ጠይቄዋለሁ እኮ! "ቢጫ አይልም?" ስለው "ወንድሜ ይሄ የመኪና ነው፣ መኪና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይደል እንዴ የሚውለው፣ ለአሻንጉሊት ያንሳል?" አለኝ። አፌን ያስያዘኝ ይሄ መልስ ነው። ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ፦ ጋራዥ መኪና ላይ የሚረጩት ክሊርና አንተ በጣሳ የሸጥክልኝ አንድ አይደሉም። የጋራዡ ሃርድነር ከሚባል ማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በኬሚካል ነው የሚጠነክረው፣ አክሪሊክ ዩሪቴን የሚባለው ነው። ያንተው ቲነሩ ሲተን በራሱ የሚደርቅ ላከር ነው፣ ጣሳው ላይ በትንንሽ ፊደል ናይትሮሴሉሎስ ይላል፣ እሱ ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ በማለት የታወቀ ነው። ክሊር ማለት ዛሬ ያስተላልፋል ማለት እንጂ ከዓመት በኋላም ያስተላልፋል ማለት አይደለም። "ቤት ውስጥ ምን ፀሐይ አለ" እንዳትለኝ ደግሞ፣ የመስኮት መስታወት ዩቪ ኤ የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ያሳልፋል፣ እኛ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚታረም መሆኑ ነው። ቀለም ቢፈስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ትደግመዋለህ። ክሊር ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፣ ዲካሉ ከሥሩ ነው ያለው፣ እሱን ልፈግፍግ ካልክ ሁለት ማታ የለፋህበትን ጭራ አብረህ ትገሸልጠዋለህ። ለ450 ብር ዕቃ ብዬ የወራት ሥራዬን አሳልፌ ሰጠሁ።

ከዛ በኋላ ሰው አላምንም ብዬ ራሴ ሞከርኩት። የፕላስቲክ ማንኪያዎች ገዝቼ በሳሙና አጥቤ አውሮፕላኑን የቀባሁበትን ነጭ ቀባኋቸው፣ እያንዳንዳቸው ላይ የተለያየ ክሊር አደረግኩ፣ ግማሽ ግማሻቸውን በፎይል ጠቅልዬ እዛው መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። አንዱን ያለ ክሊር ነጩን ብቻ፣ አንዱን ደግሞ ምንም ሳልቀባው ተውኩ። እስከ ሰኔ፣ ስድስት ወር።

የጣሳው ስፕሬይ ልክ እንደ አውሮፕላኑ ሆነ፣ ፎይሉ ጋ ሲደርስ ቢጫው ቁርጥ ይላል። የአናጢ ቤቱ የዘይት ቫርኒሽ ደግሞ የባሰ ነው፣ ፎይል ሥር ያለው ሁሉ ቢጫ ብሏል፣ ምክንያቱም ዘይቱ ከአየር ጋር ስለሚሠራ ጨለማም አያድነውም። ነጩ ብቻውን የተቀባው ደህና ነው፣ ስለዚህ ቀለሙ ንጹህ ነው፣ ጥፋቱ የክሊሩ ነው። ያልጠበቅኩት ምንም ያልተቀባው ማንኪያ ራሱ ወየብ ማለቱ ነው፣ ለካ ፕላስቲኩም ፀሐይ አይወድም፣ እና ሞዴላችሁን ሳትቀቡ በፕላስቲኩ ነጭነት ለመተው ያሰባችሁ እሱንም አስቡበት።

ነጭ ሆነው የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሠፈራችን ያለ የመኪና ቀለም ረጪ ከሃርድነር ጋር የረጨልኝ ነው፣ እንደ መስታወት ነው የሚያበራው፣ ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አስም የሚያመጣ ነው፣ የኮሮና ማስክ ምንም አያደርግለትም። ሌላው የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ክሊር ነው። ሲቀባ ወተት ነው የሚመስለው፣ የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ ልጠርገው ነበር፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከጫፍ ጀምሮ ወተቱ እየሳሳ ሄዶ ሥሩ ያለው ነጭ ብቅ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ወፍራም ካደረጋችሁት ደመና ይይዛል። እነዚህን እችላለሁ። ስድስት ወር አሥር ዓመት አይደለም፣ ግን አውሮፕላኑ ላይ ያለው የጣሳው ክሊር ቢጫ ለማለት ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም።

ስም ዓይታችሁ ብቻም አትግዙ። ታሚያ የሚባለው የሞዴል ቀለም አምራች ኤክስ 22 የሚል አክሪሊክ ክሊር አለው፣ የዛው የታሚያ ቲኤስ 13 ግን ስፕሬይ ላከር ነው፣ እርጥብ አድርጋችሁ ከረጫችሁት ዲካል ሊያኮማትር ይችላል፣ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ማለት ነው። ጣሳው ላይ አልኪድ ወይ ናይትሮሴሉሎስ የሚል ካያችሁ ለነጭ ሥራ መልሱት። ፖሊዩሪቴን ከሆነ አሊፋቲክ የሚለውን ፈልጉ፣ አሮማቲክ ከሆነ ቢጫ ይላል። ምንም ካልተጻፈበት እኔ አልገዛም፣ ባለሱቁ የፈለገውን ይበል።

አዲሱን ዲካል የአጎቴ ልጅ ነሐሴ ላይ ይዞልኝ ይመጣል፣ ሌላ ድሪምላይነር እጀምራለሁ። አሮጌውን ግን ከቡፌው አላነሳሁትም። እናቴም ፎቶውን መልሳ እዛችው ነጯ ቦታ ላይ ልክ ልክ አድርጋ አስደግፋዋለች።